ደረሰኝ የሌለው ሕክምና ስንት ያወጣል? ከታካሚ መዝገብ ወጪ የሚሰላበት መንገድ

አንድ የስኳር ሕመምተኛ በዓመት ለሕክምና ስንት ያስወጣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን የሚፈልጉት ደግሞ ብዙ ናቸው። በጀት የሚመድብ ሚኒስቴር ይፈልገዋል። መዋጮ የሚተምን የጤና መድን ይፈልገዋል። “መድኃኒቴ ውድ ቢሆንም ሆስፒታል መተኛትን ስለሚቀንስ ያዋጣል” የሚል ኩባንያም ይፈልገዋል። ይህን አባባል ለማመንም ሆነ ለመጠራጠር መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ቁጥር በብዛት የሚወጣው ከዕለት ተዕለት የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ነው። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈው፣ ነርሷ የምታስገባው የደም ግፊት ልኬት፣ ካርድ ክፍል የሚመዘገበው ቀን፣ ሁሉም ይገባበታል። እነዚህ መዝገቦች ግን ለምርምር ተብለው አልተጻፉም። የተጻፉት በሽተኛን ለማከም ነው። ለማከም የተጻፈውን ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ብዙ ውሳኔ ያስፈልጋል። ውሳኔው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። እነዚያን ውሳኔዎች ሰው ሁሉ ሊረዳቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በመጨረሻ የሚወስኑት ማን ምን ሕክምና እንደሚያገኝ ነው።

ለማሳያ እንግሊዝን ልውሰድ (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የብሪታኒያ የቤተሰብ ሐኪሞች መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ቀደም ብለው ነው። ሲፒአርዲ የሚባለው የምርምር ቋት መነሻው 1987 ነው። ዛሬ የቀድሞ ታካሚዎችን ጨምሮ ከ60 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ስም አልባ መዝገብ ይዟል። በዚያ ላይ በመንግሥት የጤና አገልግሎት፣ በኤንኤችኤስ፣ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። ሒሳብ ከሌለ ደረሰኝ የለም። ስለዚህ ወጪው የሆነ ቦታ ተጽፎ አይገኝም። መሰላት አለበት።

ነገሩ ድግስ ካለፈ በኋላ ወጪውን እንደማስላት ነው። ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት በግ፣ ስንት ሳጥን ለስላሳ እንደገባ ይቆጠራል። ከዚያ እያንዳንዱ በገበያ ዋጋው ይባዛል። በሕክምናም መጀመሪያ አጠቃቀሙ ይቆጠራል፣ ቀጥሎ በነጠላ ዋጋ ይባዛል፣ ከዚያ ይደመራል። ማባዛቱና መደመሩ የኮምፒውተር ሥራ ነው። ሰውን የሚያስጨንቀው ቆጠራው ነው።

መቁጠር እንደሚመስለው አይደለም

ለንደን የምትኖር አንዲት የ62 ዓመት ሴት እናስብ። ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ እውነተኛ ሰው አይደለችም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም አለባት። ባለፈው ዓመት ጂፒዋ (የቤተሰብ ሐኪሟ) ጋ ስንት ጊዜ ታየች?

መዝገቧ ሲከፈት የሚገኘው “መጣች፣ ታየች፣ ሄደች” የሚል ዝርዝር አይደለም። የላቦራቶሪ ውጤት የገባበት ቀን አለ። ከሆስፒታል የመጣ ደብዳቤ ስካን የተደረገበት ቀን አለ። መድኃኒቷ የታደሰበት፣ እንግዳ ተቀባይዋ ደውላ ቀጠሮ የለወጠችበት፣ ነርሷ እግሯን ያየችበት ቀን አለ። ሁሉም በየራሳቸው ረድፍ ተጽፈዋል። ረድፉን ሁሉ እንደ ምርመራ የሚቆጥር ተመራማሪ ሴትዮዋን በዓመት 40 ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሊያመላልሳት ይችላል። አጥብቆ የሚያጣራ ደግሞ 6 ጊዜ ብቻ ሊላት ይችላል። መዝገቡ ያው አንድ ነው።

ስለዚህ ደንብ ይወጣል። ለምሳሌ የጤና ባለሙያ ያስገባው ብቻ ይቆጠር ይባላል። ፊት ለፊት፣ በስልክና ቤት ድረስ ተሄዶ የተደረገ ምርመራ ለየብቻ ይሁን ይባላል። በአንድ ቀን በአንድ ሐኪም የተጻፉ በርካታ ረድፎች እንደ አንድ ይወሰዱ ይባላል። ደንቡ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። ግን ሰው ያወጣው ደንብ ነው። ጥሩ ጥናት ደንቡን በግልጽ ያስቀምጣል፣ ደንቡ ትንሽ ቢለወጥ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስም ያሳያል። ይህን የማያሳይ ጥናት ሲያጋጥመኝ ቁጥሩን በጥርጣሬ ነው የማነበው።

የቆይታ ጊዜውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኮምፒውተሩ ፋይሉ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ይይዛል። ሐኪሙ ፋይሉን ሳይዘጋ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣስ? ውጤት ብቻ ለማየት ለግማሽ ደቂቃ ቢከፍተውስ? እንዲህ ያሉትን ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል። እንዲህም ሆኖ መዝገቡ በወጉ ሲሠራበት ብዙ ያሳያል። በ2016 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በእንግሊዝ ከሚገኙ 398 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች ከ100 ሚሊዮን በላይ ምርመራዎችን ተመልክቷል። ከ2007 እስከ 2014 ባለው ጊዜ አንድ የፊት ለፊት የሐኪም ምርመራ በአማካይ ከ8.65 ወደ 9.22 ደቂቃ ረዝሟል። አንድ ሰው በዓመት የሚታይበት ብዛትም ጨምሯል። ግማሽ ደቂቃ ምንም አይመስልም። በሚሊዮኖች ሲባዛ ግን የብዙ ሐኪሞች ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ሐኪሞቹ ለዓመታት “ሥራው በዛብን” ሲሉ ቆይተዋል፤ ለአቤቱታቸው ማስረጃ የሆነው ራሳቸው በየቀኑ የጻፉት መዝገብ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በእንግሊዝ እያንዳንዱ የሆስፒታል ቆይታ ከ1989 ጀምሮ በብሔራዊ ቋት ይመዘገባል። ቋቱ የሚቆጥረው ግን በሽተኛውን ሳይሆን አንድ ስፔሻሊስት በሽተኛውን በኃላፊነት የያዘበትን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ በድንገተኛ ገብታ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ወደ ልብ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ቀዶ ሐኪም ብትተላለፍ ሦስት ረድፍ ይሆናል። እሷ ግን የተኛችው አንድ ጊዜ ነው። ረድፍ የቆጠረ ሰው ሦስት ጊዜ ተኛች ይላል። የበጀት ዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ ሲዘጋ አልጋ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ፋይል ውስጥ ብቅ ይላል። በአንዱ ዓመት ፋይል ብቻ የሠራ ሰው ያጣዋል።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የጂፒው መዝገብ ምን እንደታዘዘ ይናገራል። ሴትዮዋ ፋርማሲ ሄዳ መውሰዷን፣ ወስዳም መዋጧን አይናገርም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የጂፒውና የሆስፒታሉ መዝገብ የአንድ ሰው መሆናቸው መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ እያንዳንዱ ሰው ባለ 10 አሃዝ የኤንኤችኤስ ቁጥር አለው። ማገናኘቱን የሚሠራው ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ቁጥሩን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ጾታውንና የአድራሻ ኮዱን እያመሳከረ። ተመራማሪው ዘንድ የሚደርሰው ስሙ የተሰረዘበት መዝገብ ነው። ይህ አሠራር ግን የሕዝብ አመኔታ ካላገኘ አይቆምም። ኬር ዶት ዴታ የሚባል አገር አቀፍ መረጃ የማሰባሰብ ዕቅድ በሕዝብ ቅሬታ ምክንያት በ2016 ተዘግቷል። በ2021 ሌላ ዕቅድ ሲመጣም በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው “የእኔ ይውጣ” ብሎ አስወጥቷል፤ ዕቅዱም ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። ሰዎቹን አልፈርድባቸውም። ሳያማክሩት መዝገቡን ሊወስዱበት ሲሉ ማንም እንቢ ይላል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ቆጠራው አልቋል እንበል። 6 ምርመራ፣ 9 የነርስ ቀጠሮ፣ አንድ የሆስፒታል ቆይታ፣ 12 ወር መድኃኒት። አሁን የእያንዳንዱ ዋጋ ያስፈልጋል።

በኬንት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ ሥራ አለ። ተመራማሪዎች የአንድ የጂፒ ሰዓት ስንት እንደሚያወጣ በየዓመቱ እያሰሉ ያሳትማሉ። ደመወዝ ብቻ አይደለም። ጡረታ፣ ሕንፃ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሐኪሙ ለጽሕፈት ሥራ የሚያጠፋው ጊዜ ሁሉ ይገባል። የሐኪሙን የትምህርት ወጪ ጨምሮና ሳይጨምር ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ። የትኛው ይወሰድ? ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ለሚቀጥለው ዓመት የክሊኒክ በጀት ለሚሠራ ሰው ትምህርቱ ያለፈ ወጪ ነው። “አገሪቱ 20 ዓመት ወደፊት ስንት ሐኪም ትፈልጋለች?” ለሚል ሰው ግን ዋናው ወጪ እሱ ነው።

ሆስፒታሉ በምድብ ይሠራል። የበሽታው ኮድ፣ የተደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ዕድሜና የተኛበት ቀን ተደምረው ታካሚው ኤችአርጂ ወደሚባል ምድብ ይገባል። በአንድ ምድብ ያሉት ሰዎች ተቀራራቢ ወጪ ያስወጣሉ ተብሎ ይታሰባል። ሆስፒታሎች በየዓመቱ የየምድቡን ወጪ ያስገባሉ፣ አገራዊ አማካይ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴትዮዋ የተተመነላት የምድቧ አማካይ እንጂ የራሷ ወጪ አይደለም። በዚያች ሌሊት ሁለት ነርሶች ከአልጋዋ ሥር ሳይነሱ አድረው ከሆነ መዝገቡ አያውቅም።

አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች “እኛ ግን ቢል ይመጣልናል” ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፣ ይመጣል። ግን እዚያ ለአንድ አገልግሎት ሦስት ቁጥር አለ። ሆስፒታሉ የጠየቀው አንድ ነው። ኢንሹራንሱ ተደራድሮ የከፈለው ሌላ ነው። ሆስፒታሉ በእርግጥ ያወጣው ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲለጥፉ የፌዴራል ደንብ አስገድዷቸዋል። ያም ሆኖ “ሕክምናው 30 ሺህ ዶላር ያስወጣል” የሚል ዜና ስታዩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ዜናው አይናገርም።

የዋጋው ዓመትም መጠቀስ አለበት። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሐምሌ 2016 በእኛ አቆጣጠር የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ60 ብር በታች ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሄዷል። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው። ከዚያ በፊት የተሰላን ወጪ ከዚያ በኋላ ከተሰላ ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር አይቻልም።

የቱ ነው በስኳሩ የመጣው?

የሴትዮዋ ጠቅላላ ወጪ ተገኘ። ግን ጥያቄያችን ስለ ስኳር ነበር። በዓመቱ ውስጥ ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ዓይኗን ታይታለች፤ ይህ በስኳሩ ነው ወይስ በዕድሜ? ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ እሱስ? ረድፍ በረድፍ “ይህ የስኳር፣ ይህ የሌላ” ብሎ መለየት ለሐኪሞችም ያስቸግራል።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ይመጣል። ስኳር የሌለባት፣ በዕድሜ የምትቀርባት፣ እዚያው ክሊኒክ የተመዘገበች ሴት ትፈለጋለች። ለብዙ ሺህ ሴቶች እንዲህ ጥንድ ይደረጋል። የሁለቱ ወገን የወጪ ልዩነት ለስኳሩ ይሰጣል። ብልህ ዘዴ ነው፣ እኔም ከረድፍ መለየት እሱን እመርጣለሁ። ግን ንጹሕ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ክብደቱም ይጨምራል፣ የደም ግፊትም ይኖረዋል። ልዩነቱ የስኳር ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚመጣውም ሁሉ ነው።

ከዚህ የረቀቀ ችግርም አለ። ሐኪም ዘንድ ደጋግሞ የሚሄድ ሰው ይመረመራል፣ የተመረመረ ሰው ደግሞ በሽታው ይገኝበታል። ስኳር ይዞት ሐኪም ዘንድ ሄዶ የማያውቀው ሰው በመዝገቡ ጤነኛ ነው። እንዲያውም “ስኳር የሌለበት” ተብሎ ማነጻጸሪያው ወገን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በ2004 ብሪታኒያ ለቤተሰብ ሐኪሞች አዲስ የክፍያ ሥርዓት አመጣች። ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ለመመዝገብና ለመከታተል ተጨማሪ ገንዘብ ታሰበ። መዝገቡ በአንድ ጊዜ ሞላ። ከ2004 በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ሳይጠነቀቅ የሚያወዳድር ሰው በሽታው ራሱ የበዛ ይመስለዋል።

አማካዩ ለምን ሰውን ያሳስታል?

አሥር ሰዎች አሉ እንበል። ዘጠኙ በዓመት 300 ፓውንድ ያስወጣሉ። አንዱ ልቡን ታሞ 20,000 ያስወጣል። ድምሩ 22,700 ነው። አማካዩ 2,270። ግን 2,270 ያስወጣ አንድም ሰው የለም! መሃል ላይ ያለው ሰው 300 ነው ያስወጣው።

ታዲያ ትክክለኛውን ሁኔታ የሚያሳየው 300 ነው ብለን አንዱን ሰው እንርሳው? በፍጹም። በጀት የሚይዘው ሰው 300ን በአሥር ቢያባዛ 3,000 ይመድባል። ያ አንድ ሰው ሲመጣ ሆስፒታሉ ባዶ ካዝና ይዞ ይጠብቀዋል። ለበጀት የሚያስፈልገው አማካዩ ነው፣ ቢያስቀይምም። በአሜሪካ ቤተሰቦች ላይ የሚካሄደው ብሔራዊ የሕክምና ወጪ ጥናት ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ብዙ ወጪ ያለባቸው 5 ከመቶ ሰዎች የጠቅላላውን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። ትንሽ የሚያስወጣው ግማሹ ሕዝብ በአንድ ላይ 3 ከመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ምንም አያስወጣም፣ ዜሮ ነው። እንዲህ ያለው መረጃ ተራ የስታትስቲክስ ዘዴ አይመቸውም። ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባካሄደው የጤና መድን ሙከራ ላይ የሠሩ ሰዎች ጥያቄውን ለሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ፣ ሰውየው ጭራሽ ሕክምና የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቀጥሎ፣ ካገኘ ስንት ያስወጣል? ሁለቱ ተባዝተው የሚጠበቀው ወጪ ይገኛል። ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ነው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ሁሉም ሰው ዓመቱን ሙሉ በመዝገቡ አይቆይም። አንዱ ከተማ ይቀይራል፣ አንዱ ይሞታል። ከተማ የቀየረው አዲሱ ክሊኒክ እየታከመ ሳለ በአሮጌው መዝገብ ወጪው ዜሮ ይመስላል። የሞተው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት ከፍተኛ ወጪ አስወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን እንደ አንድ “የጠፋ ሰው” ማየት ስሌቱን ያጣምማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ስንት ቀን እንደታየና ለምን እንደጠፋ መያዝ አለበት።

ዜሮ ምን ማለት ነው?

በዚህ ጉዳይ ሁሉ ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መዝገቡ የሚያውቀው የታከመውን ሰው ነው። ያልታከመው ወጪ የለውም። ወጪ የሌለው ደግሞ በስሌቱ ጤነኛ ይመስላል።

በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በስፋት የሚሠራበት አንድ የኮምፒውተር ቀመር ነበር። ሥራው ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሕመምተኞች መምረጥ ነው። ቀመሩ የሕመምን ክብደት በቀጥታ አይለካም። የወደፊት ወጪን ይገምታል፣ ብዙ የሚያስወጣ ሰው በጣም የታመመ ነው ብሎ ይወስዳል። ዘር የሚባል ነገር አልገባበትም። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ሲያዩት፣ በቀመሩ እኩል ነጥብ ካገኙት ውስጥ ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ በጣም የታመሙ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ጥቁሮቹ ሕመማቸው እኩል ሆኖ ሳለ በዓመት ወደ 1,800 ዶላር ያነሰ ሕክምና ማግኘታቸው ነበር። ሐኪም የማግኘት ችግር አለ፣ የመተማመን ችግር አለ። ይህ ልዩነት ቢታረም፣ ለተጨማሪ ክትትል ከሚመረጡት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 ከመቶ ያድግ ነበር። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም በዚህ ቁጥር ውስጥ ሊኖሩበት ይችላሉ። ማንም ሊበድላቸው አላሰበ ይሆናል። ወጪና ሕመም አንድ ናቸው ብሎ የወሰነ ሰው ግን ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ።

ኢትዮጵያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ትጠቀማለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሠራም ተደርጓል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን በዋናነት የሚሰበሰበው የወር ድምር ነው። በዚህ ጤና ጣቢያ በዚህ ወር ይህን ያህል ሰው ታከመ ይላል። ያ ሰው ባለፈው ወር ማን ዘንድ እንደነበረ፣ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል መድረስ አለመድረሱን አይነግረንም። ወጪን ለማስላት የአንዱን ሰው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳው የየታካሚው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። እሱም በአንዳንድ ሆስፒታሎች ተጀምሯል።

እዚያም ቢሆን ሦስት ቦታ ካርድ ያወጣ ሰው ሦስት ሰው ነው። አንዱ ጋ ስሙ “ኃይሉ” በብዙኃኑ፣ ሌላው ጋ “ሀይሉ” በሃሌታው ይጻፋል። ዕድሜው አንዱ ጋ 50፣ ሌላው ጋ 55 ነው፤ ምክንያቱም በግምት ነው የተነገረው። ኮምፒውተር እነዚህን አንድ ሰው ናቸው አይልም።

ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ያለው ወጪ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የተሰወረ ነው። “መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ” ይባላል። ቤተሰቡ ከግል ፋርማሲ ይገዛል። ላቦራቶሪው መሣሪያው ተበላሽቶ ከሆነ ውጭ ያሠራል። ከገጠር የመጣ ሰው የአውቶቡስና የአልጋ ይከፍላል። አስታማሚው ሥራውን ጥሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሕክምና ወጪ ነው፤ በሆስፒታሉ መዝገብ ግን አንዲት መስመር የለውም። በአገሪቱ የጤና ወጪ ጥናቶች መሠረት ከጠቅላላው ወደ ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከሰው ኪስ የሚወጣ ነው። በሆስፒታሉ መዝገብ ብቻ የተሠራ ስሌት የሆስፒታሉን ወጪ ያሳያል። የቤተሰቡን ወጪ ለማወቅ ቤተሰቡን መጠየቅ ግድ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ቤተሰቦች ትንሽ መዋጮ ከፍለው ጤና ተቋም ሲሄዱ ከኪሳቸው እንዳያወጡ ታስቦ ነው። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ደርሷል። መድኑ ለተቋማቱ የሚከፍለው ሒሳብ ራሱ ጥሩ የመረጃ ምንጭ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደታከመ ይዟል። መዋጮው ስንት ይሁን የሚለው ክርክርም ከእሱ ተነስቶ ሊመለስ ይችላል። እዚህም ግን የዜሮው ጥያቄ ይመጣል። በአንድ ወረዳ አጠቃቀሙ ዝቅተኛ ሆኖ ቢገኝ ሕዝቡ ጤነኛ ነው ማለት ነው? ወይስ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው? ወይስ መድኃኒት ስለሌለ ሰው መሄዱን ትቶታል? የመድኑ መዝገብ ብቻውን አይመልሰውም። መንገዱን፣ የመድኃኒት ክምችቱን፣ የቤት ለቤት ጥናቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሳይታይ “እዚህ ወረዳ ወጪው ትንሽ ነው፣ በጀቱም ይነስ” ከተባለ ትልቅ በደል ነው።

የት ይጀመር ቢባል የእኔ መልስ ካርድ ክፍል ነው። አዲስ ሶፍትዌር መግዛት ያጓጓል፣ ፎቶም ይነሳበታል። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው ስሌቶች ሁሉ የሚቆሙት አንድ ሰው በሁሉም ቦታ አንድ ቁጥር ሲኖረው ነው። የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፤ የጤና መረጃ ከምንም በላይ ምስጢር ነውና በጥብቅ ጥበቃ ከሆነ። ቁጥሩን፣ የትውልድ ዘመኑንና ቀበሌውን አጣርቶ የሚያስገባው ግን ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ነው። ብዙ ቦታ ይህ ሠራተኛ ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ ሥልጠናው አጭር ነው፣ ፊቱ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። ሆስፒታሎች ተጨማሪ ሁለት ሰው ቢቀጥሩለትና በደንብ ቢያሠለጥኑት ከማንኛውም አዲስ ሶፍትዌር ይልቅ መዝገቡን ያስተካክላል ብዬ አምናለሁ። ይህ ቅጥር ራሱ ዋጋ አለውና በመረጃ ሥርዓቱ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ።